የትኛው ገላን?

«ገላን ነው የምኖረው» ላለ ሰው ወዲያው የሚቀርብለት ጥያቄ «የትኛው ገላን?» የሚል ነው። ገላን ኮንዶሚኒየም አለ፤ ገላን ጉራ አለ፤ ሁለቱም አዲስ አበባ፣ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ውስጥ ናቸው። የቢሾፍቱን መንገድ ይዞ ጥቂት ለወረደ ደግሞ ገላን ከተማ አለች፤ ዛሬ በኦሮሚያ ክልል፣ በሸገር ከተማ ሥር ያለች ክፍለ ከተማ ናት። ገላን ጉዳ የሚባል ክፍለ ከተማም በዚያው በሸገር አለ። ለሚኒባስ ተሳፋሪ ይህ ሁሉ የጥቂት ፌርማታ ጉዳይ ነው። ገበያው፣ ለቅሶውና ጋብቻውም ወሰኑን ብዙ አይቆጥሩትም። የቤት ቆሻሻ ግን ይቆጥረዋል። ከወሰኑ ወዲህ ያለ ቤት የሚያወጣው ኬሻ በአንድ አስተዳደር ሠራተኛ፣ በአንድ ዓይነት ክፍያ፣ ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል። ከወሰኑ ወዲያ ያለው ተመሳሳይ ኬሻ በሌላ ሰው፣ በሌላ ክፍያ፣ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ አንዳንዴም የሚያነሣው ጠፍቶ እዚያው ይውላል ያድራል።

ይህን ልዩነት ስናይ ፈጥኖ ወደ አፋችን የሚመጣው ምክንያት «የሰዉ የጽዳት ባህል» ነው። ያኛው ሰፈር ንጹሕ የሆነው ነዋሪው ስለሠለጠነ፣ ይኼኛው የቆሸሸው ነዋሪው ግድ ስለሌለው ነው እንላለን። ነገሩን ረጋ ብሎ ለሚያይ ግን ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአጥር ውስጥ አይደለም፤ ቆሻሻው ከአጥር ከወጣ በኋላ ነው። አራት ጥያቄዎች ይወስኑታል፦ ገዢ አለው ወይ? ለማንሣቱ ማን፣ በምን መንገድ ይከፍላል? ጋሪና መኪና ያሳልፋል ወይ? መጨረሻው የት ነው? ከአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ገላን፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች የተለያየ መልስ ስላላቸው ነው ጽዳታቸውም የተለያየው።

ኬሻው ሲከፈት

የአንድ ተራ ቤት የሳምንት ኬሻ ብንዘረግፍ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የሻገተ እንጀራ እናገኛለን። ቤቱ ጫት የሚቃምበት ከሆነ ገራባ ይጨመራል፤ ከሥሩ የከሰል አመድ አለ። መሀል መሀሉን ዳይፐር፣ ፌስታል፣ የብስኩት መጠቅለያ፣ የተበጠሰ ነጠላ ጫማ ይታያል። ከእነዚህ ተለይተው፣ ብዙ ጊዜ ኬሻው ውስጥ እንኳ ሳይገቡ፣ በር ጥግ የሚጠራቀሙም አሉ። የፋብሪካው ስም ምንም ይሁን ምን ሁላችን «ሃይላንድ» የምንለው የውኃ ፕላስቲክ፣ የዘይት ጄሪካን፣ የአረቄ ጠርሙስ፣ የቲማቲም ቆርቆሮ፣ የተቀደደ ድስት ከነዚህ ናቸው።

በከተሞቻችን ከቤት ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው። ቀሪውን ነገር ሁሉ የሚመራው ይኸው ነው። የሚበሰብስ ነገር ርጥብና ከባድ ነው፤ በሁለተኛው ቀን ይሸታል፤ ዝናብ ሲያገኘው ክብደቱ ይጨምራል፤ ማንም አይገዛውም። መሬት ላለው ሰው ግን ማዳበሪያ ነው።

አሁን ያንኑ ኬሻ ወደ ሱሉልታ ዳርቻ ወይም ወደ አንድ የሰበታ ገጠር ቀመስ መንደር እንውሰደው። ላም ያለበት ግቢ ከሆነ ልጣጩንና ገራባውን ከብቷ ትጨርሰዋለች፤ እንጀራው ለውሻና ለዶሮ ይሆናል፤ አመዱ ጎመን መደብ ላይ ይበተናል። ከግቢው መውጣት የሚገባው ፌስታል፣ ዳይፐርና ስብርባሪ ብቻ ይሆናል። ለዚህ ቤት በየወሩ ለቆሻሻ ሰብሳቢ ክፈል ሲባል ነገሩ አይገባውም። «ምን አለኝና?» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ከእሱ አጥር ሁለት መቶ ሜትር ርቆ በተሠራው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ ያለችው ጎረቤቱ ግን ከብትም ጓሮም የላትም። ልጣጩ፣ አመዱ፣ ገራባው ሁሉ በደረጃ ወርዶ ይወጣል። በአንድ ወረዳ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቤት፣ ሁለት ዓይነት ቆሻሻ አለ ማለት ነው። የአዲስ አበባ መሀል ሰፈሮች ይህ መልክ ከጠፋባቸው ቆይቷል። በዙሪያዋ ያሉት ከተሞች ግን የገበሬውን ግቢ፣ የሪል ስቴቱን ቪላ፣ የኮንዶሚኒየሙን ሕንፃና የፋብሪካውን አጥር በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ይዘዋል። አንድ ወጥ አሠራር ለሁሉም ሲቀርብ ለአንዱ ይበዛል፤ ለሌላው ያንሳል።

ሁለት ሰብሳቢዎች

ወደ ቤታችን የሚመጡት ሰብሳቢዎች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱ ግን አንድ ሥራ የሚሠሩ አይመስለንም። አንደኛው ኬሻውን ትከሻው ላይ ጥሎ «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፈው ነው። ጥሪው «ቆርቆሮ ያለው» ከማለት እንደመጣ ይነገራል። የሥራ ባልደረባው ደግሞ «ልዋጭ! ልዋጭ!» ባዩ ነው፤ ባረጀ ልብስና ጫማ ፋንታ ሳህን፣ ብርጭቆ ወይም የፕላስቲክ ሳፋ ይሰጣል። ሁለቱም የሚወስዱት ዋጋ ያለውን ነው። ቆራሌው የሰበሰበውን ለሰፈር ገዢ ያስረክባል፤ የሰፈሩ ገዢ ዓይነት በዓይነት ለይቶ ያከማቻል፤ ከዚያ ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወይም በቀጥታ ወደ ፋብሪካ ይጫናል። ምናለሽ ተራ ጎማው በረባሶ፣ በርሜሉ ምድጃ፣ ቆርቆሮው ኩራዝ ሲሆን የኖረበት ቦታ ነው። «መልሶ መጠቀም» የሚለው ቃል በመሥሪያ ቤቶች ሰነድ ላይ ከመጻፉ በፊት ሥራው እዚያ ነበር።

ሁለተኛው ሰብሳቢ ባለ ጋሪው የማኅበር ሠራተኛ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ሴት ናት። እሷ የምትወስደው ዋጋ የሌለውን ነው። ቆራሌው በጠዋት አልፎ ሃይላንዱንና ብረቱን አንሥቶታል፤ ለእሷ የሚቀራት ርጥቡ፣ ከባዱና የሚሸተው ነው። ስለዚህ ገንዳው ዘንድ ስትደርስ ከጋሪው ላይ ያመለጠ ፕላስቲክ ካለ ለቅማ በጎን ማዳበሪያ ውስጥ ታኖራለች። በሳምንቱ መጨረሻ ሸጣ የምታገኘው ገንዘብ የደመወዟ መደጎሚያ ነው። በከተሞቻችን ውስጥ ቆሻሻን የመለየት ሥራ አብዛኛው የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ማዘጋጃ ቤት አያዝዘውም፤ በማንም መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ልብ እንበል። ቆራሌው ወሰን አያውቅም። ከቡራዩ ያነሣውን አስኮ ሊሸጥ ይችላል፤ ከወለቴ ያነሣውን መርካቶ ያደርሳል። የሚያስጨንቀው አንድ ስሌት ነው፦ የትራንስፖርቱ ወጪ ከዋጋው ይበልጣል ወይ? ብረት ትንሽ ሆኖ ይከብዳል፤ ሩቅ ቢጫንም ያዋጣል። ሃይላንድ ግን ማዳበሪያ ሙሉ ሆኖ እንኳ ሲመዘን ቀላል ነው፤ የሚሸጠው በኪሎ፣ በመኪና ላይ የሚይዘው ግን ቦታ ነው። ስለዚህ ከገዢ በራቅን ቁጥር ብረቱ ይሄዳል፤ ፕላስቲኩ ይቀራል። እንጦጦን ተሻግራ ላለችው ለሱሉልታ ይህ ምፀት አለው። ሱሉልታ የታሸገ ውኃ የሚመረትባት ከተማ ናት፤ ኔስሌ ዋተርስ በ2008 ዓ.ም. አብዛኛውን ድርሻ የገዛው አቢሲኒያ ስፕሪንግስ የሚገኘው እዚያ ነው። ውኃው በመኪና ተጭኖ ተራራውን ሲሻገር ዋጋ አለው፤ ባዶው ፕላስቲክ ግን ያንኑ ተራራ የሚሻገረው መኪናውን ሞልቶ በጥቂት ኪሎ ሒሳብ ነው።

ባለ ጋሪዋ ደግሞ በተቃራኒው ወሰን ታውቃለች። ማኅበሯ የተደራጀው በወረዳ ነው፤ የምትሠራባቸው ቤቶች ተቆጥረው ተሰጥተዋታል፤ ገንዳዋም የታወቀ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ቆሻሻ የሌላ አስተዳደር ከሆነ እጇን አትዘረጋም፤ ብትዘረጋም የሚከፍላት የለም። ዋጋ ያለው ቆሻሻ ድንበር ሲሻገር ዋጋ የሌለው ድንበር ላይ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

ክፍያው በውኃ ሂሳብ ሲመጣ

አዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት የተጠቀመችበት ዘዴ ብልሃት ያለው ነው። የጽዳት ክፍያው ከውኃ ሂሳብ ጋር ተያይዞ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ ለመኖሪያ ቤት ከውኃ ፍጆታው ሂሳብ 20 በመቶ፣ ለንግድና ለድርጅት 42.5 በመቶ ነበር። ከዚያ ገንዘብ ላይ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁት ማኅበራት ገንዳ ድረስ ባደረሱት መጠን ይከፈላቸዋል። የዘዴው ጥቅም ግልጽ ነው። ባለ ጋሪዋ በየበሩ እያንኳኳች ገንዘብ አትለምንም፤ ድሃውም ሀብታሙም የሚከፍለው እንደ ውኃ አጠቃቀሙ ነው፤ ያልከፈለ ሰው ቆሻሻው ቢነሣለትም ውኃው ይቆረጥበታልና ይከፍላል። ጉድለትም አለበት። የራሱን ጉድጓድ ያስቆፈረ ባለ ሕንፃ ትንሽ ሲከፍል ከጎረቤት ቆጣሪ በጄሪካን የምትቀዳ ቤተሰብ በሰው ሂሳብ ውስጥ ተደብቃ ትከፍላለች። ያም ሆኖ የሚፈስ ገንዘብ አለ፤ የሚፈስ ገንዘብ ካለ ጋሪው በቀጠሮው ይመጣል።

ይህንን ዘዴ ወደ ዙሪያው ከተሞች እንዳለ መውሰድ አይቻልም። ሁሉም ቤት ቆጣሪ ሊኖረው፣ ቆጣሪውም ውኃ ሊመጣበት ይገባል። ሰፈሩ በግል ጉድጓድ፣ በቦቴና በአህያ ጄሪካን የሚኖር ከሆነ የውኃ ሂሳብ የጽዳትን ክፍያ ሊሸከም አይችልም። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች በብዛት የሚሠራበት ከቤት ወደ ቤት የሚሰበሰብ ወርሃዊ ክፍያ ነው። የባሕር ዳርም ልምድ ይህንኑ ይመስላል፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ድሪም ላይት የተባለ የግል ድርጅት ወደ ሥራው ሲገባ ገቢው የቆመው ከየቤቱና ከየድርጅቱ በሚሰበሰብ ክፍያ ላይ ነበር። በዚህ አሠራር ሰብሳቢው ሊሄድ የሚመርጠው ከፋይ ወደሚበዛበት ነው። ዋና መንገድ ዳር ያለው ሆቴል፣ ሪል ስቴቱ፣ ኮንዶሚኒየሙ ይቀድማሉ። ኮረብታው ላይ ያለው ባለ ጭቃ ቤት ይቀራል፤ የቀረው ቤትም አገልግሎት ስላላገኘ አይከፍልም፤ ስላልከፈለ ደግሞ አገልግሎት አያገኝም። ሰዎች «አይከፍሉም» ተብለው የሚወቀሱት ብዙ ጊዜ በዚህ ክብ ውስጥ ሆነው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እዚህ ላይ ሳይነሣ ማለፍ የለበትም። የጽዳቱ ክፍያ የሚጨመርበት የአዲስ አበባ ውኃ በከፊል የሚመጣው ከዙሪያዋ ነው። የገፈርሳ ግድብ ቡራዩ ላይ፣ የለገዳዲ ግድብ በለገጣፎ ለገዳዲ በኩል ነው። ውኃው ከዙሪያው ይገባል፤ ሂሳቡ መሀል ይሰበሰባል፤ በሂሳቡ ላይ የተጨመረው የጽዳት ገንዘብም መሀሉን ያጸዳል። የገፈርሳን ተፋሰስ የማጽዳት ወጪ ግን ለቡራዩ ነዋሪ ኪስ የተተወ ነው።

ጋሪው የት ይደርሳል?

እንበልና አንዲት ሠራተኛ በጋሪ አንድ ጊዜ የአርባ ቤት ቆሻሻ ትጭናለች። ኮንዶሚኒየም ከሆነ አርባው ቤት ሁለት ደረጃ ሥር ይገኛል፤ ጋሪው ሳይንቀሳቀስ ይሞላል። ግቢዎቹ ሰፋፊ በሆኑበት፣ በመካከላቸውም ያልተሠራ ቦታ ባለበት መንደር ግን አርባ ቤት ለመድረስ ኪሎ ሜትሮችን መግፋት አለባት። መንገዱ ኮብልስቶን ከሆነ ይገፋል፤ ጭቃ ከሆነ ሐምሌና ነሐሴ ጋሪው ይቆማል። ክረምት ማለት ደግሞ ቆሻሻው ይበልጥ የሚረጥብበት፣ ይበልጥ የሚከብድበት ወቅት ነው። ሥራው በጣም በሚያስፈልግበት ወራት መሥራት የማይቻል ይሆናል።

አራቱ ከተሞች በዚህ ረገድ አንድ አይደሉም። ቡራዩ ከአስኮ ጋር ተያይዛ በኮረብታ ላይ የተሰቀለች ናት፤ ጋሪ ባዶውን ሽቅብ፣ ሞልቶ ቁልቁል የሚያስቸግርባት። ሰበታ በጅማ መንገድ ተዘርግታ ከወለቴና ከዓለም ገና እስከ መሀል ከተማው ድረስ ረዝማለች፤ አስፋልቱ ዳር ያለው ይደርሰዋል፤ ከአስፋልቱ በራቀ ቁጥር ይቀንሳል። ሱሉልታ ሜዳ ናት፤ ሜዳዋ ግን በክረምት ውኃ ይተኛበታል። እዚያ የተጣለ ፌስታል እንደ ሌሎቹ ከተሞች ወደ አዋሽ አይሄድም፤ የሱሉልታ ውኃ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሙገር፣ በሙገርም በኩል ወደ ዓባይ ነው የሚወርደው። ገላን ደግሞ የፋብሪካ ከተማ ናት። የከባድ መኪና መንገድ አላትና መጓጓዣው ሌላው ጋ ካለው ይቀላል፤ ፈተናዋ የቤት ቆሻሻና የፋብሪካ ቆሻሻ እንዳይደባለቁ ማድረግ ነው። የተቆራረጠ ፕላስቲክና ካርቶን ገዢ አለው፤ ከኬሚካል ጋር የተነካካው ግን ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር አንድ ጉድጓድ ሊገባ አይገባውም።

የቃል ግጥምጥሞሽ ሆኖ ነገሩን ጥሩ አድርጎ የሚገልጽ አንድ ነገር አለ። በአማርኛ «ገንዳ» ስንል ባለ ጋሪዋ የምትገለብጥበትን ትልቁን የብረት ዕቃ ማለታችን ነው። በኦሮምኛ ገንዳ ማለት ቀበሌ ነው። የእነዚህ ከተሞች ጥያቄ በአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ሊባል ይችላል፦ ገንዳ የሌለው ገንዳ ብዙ ነው። የሚገለበጥበት ቦታ ያልተዘጋጀለት ሰፈር የራሱን ያገኛል፤ ገደሉ፣ የጅረቱ ዳር፣ ያልታጠረው ቦታ፣ የተጀመረው ሕንፃ ምድር ቤት። የቀረውን ማታ ማታ ያቃጥሉታል። ፌስታልና ጎማ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ደግሞ አጥር አይይዘውም።

መጨረሻው ጉድጓድ

የገንዳው ቆሻሻ በመጨረሻ የሚሄድበት ቦታ ያለው ታሪክ የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ከተሞች ጉዳይ ለምን ተለያይቶ እንደማይፈታ በግልጽ ያሳያል። ረጲ ያለው ቆሼ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ሲቀበል ኖሯል። ሲከፈት ከከተማ ውጭ ነበር፤ ከተማው አድጎ ከበበው። ቆሼ ሲሞላ አዲስ አበባ ፊቷን ወደ ሰንዳፋ አዞረች። በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ድጋፍ የተሠራው የሰንዳፋ ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. አጋማሽ ሥራ ጀመረ። ሰንዳፋ ግን የአዲስ አበባ አይደለችም። የአካባቢው ገበሬዎች ሽታውን፣ ወደ ውኃቸውና ወደ ከብቶቻቸው የሚደርሰውን ጉዳት አንሥተው ተቃወሙ፤ መኪኖቹም እንዳይገቡ ከለከሉ። በዚያው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ሥራው ቆመ። የከተማው ቆሻሻ ተመልሶ ቆሼ ላይ መከመሩ ቀጠለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተናደ። ሥሩ ቤት ሠርተው ይኖሩ ከነበሩት ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በቡሄ ዕለት፣ ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ከዚያው ከቆሼ አጠገብ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ፋብሪካ ተመረቀ። በቀን እስከ 1,400 ቶን እንዲያቃጥል የታሰበ ነው። የሐሳቡን ትልቅነት መካድ አይገባም። ግን ወደ ኬሻችን እንመለስ፤ ከግማሽ በላዩ ርጥብ ነው። ርጥብ ቆሻሻ ማቃጠል ርጥብ እንጨት እንደ ማንደድ ነው፤ ሙቀቱ ውኃውን ለማትነን ይውላል። በደንብ የሚነዱት ፕላስቲክና ካርቶን ደግሞ ቆራሌው አስቀድሞ የወሰዳቸው ናቸው። ከቤት ያልተለየ ቆሻሻ እጅግ ውዱ ማሽን ዘንድ ሲደርስም ያው ያልተለየ ቆሻሻ ነው።

ከሰንዳፋ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ትልቁ ከተማ ቆሻሻውን የሚጥልበት ሰፊ መሬት ያለው ከወሰኑ ውጭ ነው፤ ስለዚህ ከጎረቤቱ ጋር ሳይስማማ መፍትሔ የለውም። ሁለተኛ፣ ሌላው ሰው የጣለውን ቆሻሻ እንዲቀበል የሚጠየቅ አካባቢ «ለእኛስ ምን አለን?» ማለቱ ተገቢ ነው። ሰንዳፋ የራሷ ቤቶች ቆሻሻ በወጉ ሳይነሣ የሌላ ከተማ ቆሻሻ እንድትቀበል ነበር የተጠየቀችው።

ሕጉ ምን ይላል?

የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ለዚህ ሁሉ እንግዳ አልነበረም። እያንዳንዱ የቤት ኃላፊ መልሶ ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለውን ከሚጣለው ለይቶ ወደ ተዘጋጀለት ቦታ እንዲያደርስ ያዝዝ ነበር፤ ከተሞች ዕቅዳቸውን ሲያወጡ እስከ ታችኛው እርከን ድረስ ሕዝቡን እንዲያሳትፉ ይል ነበር፤ ከክልል ክልል ስለሚዘዋወር ቆሻሻም ድንጋጌ ነበረው። ስስ ፌስታልን ያገደውም ይኸው አዋጅ ነበር፤ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆነውን። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ አዋጅ እገዳውን የበለጠ አጥብቆታል። በመጀመሪያው አዋጅ ላይ የነበረው ጉድለት የትእዛዝ ሳይሆን የቦታ ነበር፤ «ወደ ተዘጋጀለት ቦታ» የሚለው ሐረግ ቦታው ተዘጋጅቷል ብሎ ይነሣ ነበር። ለይቶ ያስቀመጠ ሰው ባለ ጋሪዋ መጥታ ሁለቱንም አንድ ላይ ስትገለብጥ ሲያይ በሚቀጥለው ሳምንት አይለይም።

በአካባቢዎች መካከል የሚኖር ልዩነት የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ አገር ያለ ዘመዳችን ቤት ቀይሮ ወደ ጎረቤት ማዘጋጃ ቤት ክልል ሲገባ ከቆሻሻ መጣያዎቹ ቀለም ጋር እንደ አዲስ ይተዋወቃል፤ እዚያም ለረጅም ዘመን እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት የራሱን ሥርዓት ሲከተል ኖሯል። ጎረቤቷ ዌልስ ማዘጋጃ ቤቶቿን ወደ አንድ የተቀራረበ አሠራርና የጋራ ግብ ስላመጣች መልሶ የመጠቀም ድርሻዋ ከ60 በመቶ አልፏል። በጃፓን ደግሞ ካሚካትሱ የምትባል ትንሽ የተራራ መንደር አለች። የቆሻሻ መኪና አይመጣባትም፤ ነዋሪው ራሱ ወደ አንድ ማዕከል ወስዶ ከ40 በላይ ዓይነት አድርጎ ይለየዋል። ለእኛ ያ ሁሉ አያስፈልገንም። ለአሁኑ ሁለት፣ ርጥብና ደረቅ፣ ይበቁናል።

ወደ መፍትሔው

በ2015 ዓ.ም. ገላን፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ ለገዳዲ በሸገር ከተማ ሥር መጠቃለላቸው አንድ ዕድል ሰጥቷል። ድሮ እያንዳንዷ ትንሽ ከተማ የራሷን መኪና፣ የራሷን ጉድጓድ መግዛት ነበረባት፤ አሁን አንድ አስተዳደር ለሁሉም ሊያቅድ ይችላል። አደጋም አለው። ሸገር እንደ ቀለበት አዲስ አበባን የከበበ ከተማ ነው፤ ከሱሉልታ ወደ ገላን ለመሄድ አጭሩ መንገድ አዲስ አበባን አቋርጦ ነው። አንድ ማስወገጃ ለሁሉም ማድረግ በወረቀት ላይ ቁጠባ ይመስላል፤ በነዳጅ ሲሰላ ግን ኪሳራ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የሚጓጓዘውን መቀነስ ነው። ርጥቡን ከደረቁ መለየት፤ ሁለት ዕቃ ብቻ። ርጥቡን ለማበስበስ እነዚህ ከተሞች አዲስ አበባ የሌላት ነገር አላቸው፤ እርሻው ከቤቱ አጠገብ ነው። ከኮንዶሚኒየሙ የወጣ ልጣጭ ኮምፖስት ሆኖ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ላለ ማሳ ቢደርስ ኬሻው በግማሽ ይቀላል፤ የቀረው ደረቁ ስለማይሸት በሳምንት አንድ ቀን ቢነሣም ይበቃል። ሁለተኛው፣ ቆራሌውን እንደ ባለሙያ መቁጠር ነው። በየወረዳው መመዘኛና መጋዘን ያለው ቋሚ መግዣ ቦታ ቢሰጠው ሃይላንዱ የእንጦጦን ዳገት ሳይፈራ ይጠራቀማል፤ ባለ ጋሪዋም የለየችውን እዚያው ትሸጣለች። ሦስተኛው ክፍያው ነው። ላም ያለው ግቢና ባለ አራት ፎቁ ሕንፃ እኩል መክፈል የለባቸውም፤ የማይከፍለው ኮረብታ ላይ ያለው ቤት ደግሞ ከፋብሪካውና ከሪል ስቴቱ በሚገኘው ሊደጎም ይገባል፤ የእሱ ቆሻሻ ካልተነሣ ቁልቁል የሚወርደው ወደ እነሱ ነውና። አራተኛውና ከባዱ፣ የአዲስ አበባና የሸገር አስተዳደሮች ስለ መጨረሻው ጉድጓድ ቁጭ ብለው መነጋገራቸው ነው። ተቀባዩ አካባቢ በቶን ስንት እንደሚከፈለው፣ ውኃው በማን እንደሚመረመር፣ ጉድጓዱ መቼ እንደሚዘጋ መኪናው ከመምጣቱ በፊት ይጻፍ። ሰንዳፋ ላይ የጎደለው ግንቡ አልነበረም፤ ስምምነቱ ነበር።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ ወሰኑ የሚያቆመው ባለ ጋሪዋን ብቻ ነው። የሁለቱም ገላን የክረምት ጎርፍ መጨረሻው አዋሽ ነው። በአቃቂ ወንዝ ዳር በዚያው ውኃ የሚለማው ጎመንና ሰላጣም ጠዋት ጠዋት ተጭኖ ገበያ ይወጣል፤ የሚገዛው ሰው ከየትኛው ገላን እንደመጣ አይጠይቅም።